መከራ ሳይመክር በፊት



አገር በጦርነት ላይ ስትሆን ከሰዎች አፍ ደጋግሞ የሚወጣ አንድ አባባል አለ። «ጊዜው የጦርነት ነው፤ መሪ የሕዝብን ጉምጉምታ እየሰማ ጦር አይመራም» ይባላል። ይህን የሚሉት ባለሥልጣናት ብቻ አይደሉም። ልጁን ወደ ግንባር ያልሸኘ፣ በደጃፉ ከባድ መሣሪያ ያልጮኸበት ሰውም ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ይለዋል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን የጥንት ተረት ለዚሁ ማስረጃ አድርጎ የሚጠቅስም አይጠፋም። በዚህ ጽሑፍ ይህን አባባል አንስተን እንመዝነዋለን። ለመመዘን ደግሞ ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም። ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና በዙሪያቸው ያለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ይበቃናል። ይህ ምድር በስልሳ ዓመት ጊዜ ውስጥ በሦስት የተለያዩ መንግሥታት ሥር የመሪዎችን ጆሮ ፈትኖ አይቷልና።

በመጀመሪያ ግን ለተቺዎቻችን ፍትሐዊ እንሁን። ክርክራቸው ሦስት እግር አለው። አንደኛ፣ ሕዝብ የሚያውቀው የደረሰውን ወሬ ነው፤ መሪ ግን ካርታውንም ስንቁንም የባላንጣውንም ብዛት ያውቃል ይላሉ። ሁለተኛ፣ የሕዝብ ስሜት ተለዋዋጭ ነው፤ ዛሬ ያጨበጨበው ነገ ያለቅሳል ይላሉ። ሦስተኛ፣ ቅሬታ በአደባባይ ከተነገረ ባላንጣ ይበረታል ይላሉ። በሦስቱም ውስጥ የእውነት ፍሬ አለ። ጥያቄው ግን ከዚህ እውነት ተነስቶ «ስለዚህ ጆሮ ይደፈን» ማለት ይቻላል ወይ? የሚለው ነው።

አቤቱታውን ሳይሆን ጥይቱን መስማት

በ1960 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። በወረቀት ላይ ሲታይ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ገበሬው እንደ ምርቱ መጠን እንዲከፍል የሚል ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን በአዋጁ ውስጥ ያየው ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ምርቴን ሊገምት ማሳዬ የገባ ሹም ነገ መሬቴን ይለካል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ርስቴን ይነጥቀኛል ብሎ ሠጋ። በዚያ ላይ በአገረ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር ቀድሞውኑ ተማርሮ ነበር። አቤት ቢል የሚሰማው ሲያጣ መሣሪያ አነሣ። በተለይም በሞጣና በቢቸና በኩል ግጭቱ በረታ። መንግሥትም ጦር ላከ፤ የአየር ኃይል አውሮፕላኖችም በገበሬው ላይ ተሰማሩ።

ከወራት ደም መፋሰስ በኋላ ምን ሆነ? ንጉሡ አገረ ገዥውን ከጎጃም አነሡ። አዲሱ ግብር በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1968 ድረስ የተከማቸው ውዝፍ ግብርም ለሕዝቡ ተማረለት።

ውድ አንባቢ ሆይ! እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስተውል። መሪ ሕዝብን ከሰማ አገር ይፈታል የሚሉት ሰዎች ትክክል ቢሆኑ ኖሮ የንጉሡ መንግሥት በዚያው ዓመት መፍረስ ነበረበት። ግን አልፈረሰም። ዙፋኑ የወደቀው በ1967 ነው፤ ከወደቀባቸው ምክንያቶች አንዱም የወሎን ረሃብተኛ ጩኸት አለመስማቱ፣ ከዚያም አልፎ መሸሸጉ ነበር። ጎጃምን መስማት አላፈረሰውም፤ ወሎን አለመስማት ግን አብሮ አፈረሰው።

ይሁንና የ1960ውን ውሳኔ ብቻ አመስግነን ብናልፍ ትችታችን ጎደሎ ይሆናል። መንግሥት የሰማው መቼ ነው? አውሮፕላን ከተላከ በኋላ፣ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። ሽማግሌ ይዞት የመጣው አቤቱታ ያላስገኘውን ነገር ጠመንጃ አስገኘው። አቤቱታን ሳይሰማ ጥይትን የሚሰማ መሪ፣ ሳያስበው ለሕዝቡ አንድ አደገኛ ትምህርት ያስተምራል፤ «ለወደፊቱ በየትኛው ቋንቋ ብታናግሩኝ እንደሚሻል እወቁ» ማለቱ ነው። ልጅ በልመና ያላገኘውን በለቅሶ ካገኘ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከልቅሶ እንደሚጀምር ወላጆች ታውቃላችሁ። አገርም እንዲሁ ነው።

ጆሮውን የደፈነው መሪ

ሁለተኛው ፈተና በደርግ ዘመን መጣ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ሲገባ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከየክፍለ ሀገሩ ተነሥቶ በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ዘምቷል። ያን ጊዜ ገበሬው ጦርነቱ የራሱ መሆኑን ለማመን ብዙ ስብከት አላስፈለገውም፤ የአገር ድንበር መደፈሩ ግልጽ ነበርና።

በኤርትራና በትግራይ የነበረው ጦርነት ግን ዓመት በዓመት ላይ እየጨመረ ሲሄድ ነገሩ ተለወጠ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ያለው ዜጋ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል አዘዘ። አዋጁ ገበሬ ማኅበርና ቀበሌ ሲደርስ ኮታ ሆነ፤ ኮታው ሳይሞላ ሲቀር ደግሞ አፈሳ ሆነ። ከገበያ፣ ከመንገድ፣ ከማሳ ልጅ ታፍሶ ተጫነ።

ታዲያ ሕዝቡ ስለዚህ ጦርነት ምን ያስብ ነበር? ነጻ ጋዜጣ አልነበረም፤ ሰላማዊ ሰልፍ አይፈቀድም፤ በስብሰባ ላይ የሚነገረው ቀድሞ የተጻፈው ነው። የገጠር ሰው ግን አስተያየቱን በእግሩ ይሰጥ ነበር። ወጣቱ አፈሳ በሚፈራበት ወራት ከቤቱ ውጭ ያድራል፤ የተወሰደው ደግሞ ቀን ሲያገኝ ከጦሩ ይኮበልላል፤ አባት «ልጄ የት እንዳለ አላውቅም» ይላል። ይህ ሁሉ ድምፅ ነበር። የሚሰማ ጆሮ ቢኖር ኖሮ ከማንኛውም ጋዜጣ ይልቅ ጮክ ብሎ ይሰማ ነበር።

አልተሰማም። በመጋቢት 1980 አፍአበት ላይ የናደው ዕዝ ተሰበረ። በየካቲት 1981 የመንግሥት ጦር ትግራይን ለቆ ወጣ። በግንቦት 8 ቀን 1981 የጦሩ ጄኔራሎች ራሳቸው መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። እዚህ ላይ የመጀመሪያውን የተቺዎች ክርክር እናስታውስ፤ «መሪ ካርታውን ያውቃል፣ ሕዝብ ግን አያውቅም» ነበር የተባለው። እነዚያ ጄኔራሎች ካርታውን አያውቁም ነበር ወይ? ስንቁንና የሟቹን ቁጥር ከነሱ በላይ ማን ያውቃል? ወታደራዊውን ምሥጢር የያዙት ሰዎችና ምንም ምሥጢር ያልነገራት የጎጃም እናት በተለያየ መንገድ ሄደው ጦርነቱ በጉልበት እንደማያልቅ ከመገንዘብ ደረሱ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግን ሁለቱንም አልሰሙም። ከአንድ ዓመት በኋላ አሥራ ሁለት ጄኔራሎች ተረሸኑ።

በየካቲትና በመጋቢት 1983 የኢሕአዴግ ጦር ጎጃምን ሲይዝ፣ ያ ከአፍሪካ ትልልቅ ጦሮች አንዱ የነበረ ሠራዊት በብዙ ቦታ ጠንክሮ ለመዋጋት ልብ አልነበረውም። ግንቦት 13 ቀን መሪው አገር ጥለው ወጡ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል የአገራችን ሰው። መከራው ግን እምቢ ያለውን ሰው ለብቻው አይመክርም፤ የታፈሰውን ልጅና እናቱን ቀድሞ ይመክራል። የተረቱ ጉድለት ይህ ነው።

የቅርቡ ፈተና

ሦስተኛው ፈተና ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው ነው። በመጋቢት 2015 መጨረሻ የክልል ልዩ ኃይሎች ፈርሰው በሌሎች የጸጥታ ተቋማት ውስጥ እንደሚካተቱ ሲነገር በአማራ ክልል ከተሞች ተቃውሞ ተነሣ። ተቃውሞው በውይይት ሳይፈታ ክረምት ገባ፤ ውጊያው ተስፋፋ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም መሐል ከተማ ላይ የአየር ድብደባ እንደደረሰ ተዘገበ፤ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪሎች ተናገሩ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም በዚያው ሰሞን ባወጣው መግለጫ በደብረ ብርሃን፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የመኖሪያ ሠፈሮችና ሕዝብ የሚገለገልባቸው ቦታዎች ተመትተው ሰላማዊ ሰዎች መሞታቸውንና መቁሰላቸውን ገለጸ። ስሟ በግዕዝ «የሰላም መንገድ» ማለት የሆነው ከተማ ሟቾቿን በምትቀብርበት በማግስቱ፣ ነሐሴ 8 ቀን፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጁን አጸደቀ። ከአማራ ክልል የተመረጡት የምክር ቤቱ አባል አቶ ክርስቲያን ታደለ ያን ዕለት በወንበራቸው ላይ አልነበሩም፤ ታስረው ነበር። በጥር 20 ቀን 2016 ደግሞ በሰሜን ጎጃም መራዊ ከተማ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን ይኸው ኮሚሽን ይፋ አደረገ። አዋጁም ጊዜው ሲያልቅ ለአራት ወራት ተራዘመ።

መንግሥት የሚለው ሕግ የማስከበር ሥራ ነው የሚል ነው። መንግሥት ሕግ የማስከበር ግዴታ እንዳለበት አንክድም። የምንጠይቀው ግን ይህን ነው፤ ሕጉ የሚከበረው ለማን ተብሎ ነው? ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደው አውራ ጎዳና በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል ያልፋል፤ ከቡሬም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚወስድ መንገድ አለ። ይህ መንገድ ሲዘጋ የገበሬው በርበሬና በቆሎ ከገበያ ይቀራል፤ ማዳበሪያ በወቅቱ አይደርስም፤ የታመመ ሰው ሆስፒታል አይደርስም። ከገጠር ሸምቶ ከተማ የሚሸጠው ሙስሊም ነጋዴና አምርቶ የሚሸጥለት ክርስቲያን ገበሬ አብረው ይከስራሉ። በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕጻናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። የእነዚህን ሰዎች አስተያየት ለማወቅ የተለየ ጥናት አያስፈልግም። መጠየቅ ብቻ ያስፈልጋል።

መሪ ስንልም በቢሮ ያለውን ብቻ ማለታችን አይደለም። በጫካ ጦር የሚመራውም መሪ ነው። በሕዝብ ስም ጠመንጃ ያነሣ ሰው፣ ያው ሕዝብ «መንገዱን ክፈቱልን፣ ልጆቻችን ይማሩ፣ ሰው አይታገትብን» ሲል ጆሮውን ከደፈነ፣ የሚያወግዘውን ሥራ ራሱ እየሠራው ነው። የገጠሩ ሰው ቀን ለአንዱ፣ ሌሊት ለሌላው እየፈራ ሲያድር፣ ዝምታውን ሁለቱም ወገኖች «ሕዝቡ ከእኛ ጋር ነው» ብለው ይተረጉሙታል። ዝምታ ግን ድጋፍ አይደለም። የፈራ ሰው ዝምታ የተከለከለ አቤቱታ ነው።

የማን ድምፅ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ክርክር እንመለስ፤ የሕዝብ ስሜት ተለዋዋጭ ነው ተብሏል። እውነት ነው። ጥቅምት 28 ቀን 2014 አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ላይ ብዙ ሺህ ሰው ወጥቶ በሰሜኑ ጦርነት መንግሥትን እንደሚደግፍ ገልጾ ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ ውጊያው ስለቆመም ብዙ ቤተሰብ እፎይ አለ። ታዲያ መሪ የትኛውን ሕዝብ ይስማ? የሚያጨበጭበውን ነው ወይስ የሚያለቅሰውን?

ለዚህ ጥያቄ በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ታሪክ ውስጥ ጥሩ መልስ እናገኛለን። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኸንደቅ ዘመቻ፣ መዲና ተከባ በነበረችበት ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የገጠፋን ጎሣ ከከበባው እንዲወጣ የመዲናን ተምር ሲሶ ሊሰጡት አሰቡ። ነገር ግን ውሉን ከመጨረሳቸው በፊት ሁለቱን የአንሷር መሪዎች፣ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝንና ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳን (ረ.ዐ.) አማከሩ። እነርሱም ይህ የአላህ ትእዛዝ ነው ወይስ ለኛ ታስቦ የተደረገ ነው? ብለው ጠየቁ። ለእነርሱ የታሰበ መሆኑን ሲረዱ ሐሳቡን አልተቀበሉትም፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሐሳባቸውን ተዉ። ልብ በሉ! ለምክር የተጠሩት እነማን ናቸው? ተምሩ የማን ነበር? የአንሷር ነበር። ዋጋውን የሚከፍለው ሰው ተጠየቀ። ከሩቅ ሆኖ የሚያጨበጭብ ሰው አልተጠየቀም። የመልሱም ይዘት ይታይ፤ መከላከሉን እንቀጥል ነው ያሉት። ስለዚህ የተጠየቀ ሕዝብ ሁሉ «እጅ እንስጥ» ይላል ብሎ መሥጋት መሠረት የለውም። ሕዝብ የራሱ የሆነውን ጦርነት ያውቀዋል።

«ተጠይቆ ቢሳሳትስ?» የሚል ይኖር ይሆናል። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ ከኡሑድ በፊት የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐሳብ መዲና ውስጥ ሆኖ መከላከል ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ወጥተን እንግጠም አሉ፤ እርሳቸውም ተከተሏቸው። ሰባ ያህል ሶሐባዎች ሸሂድ ሆኑ። ሆኖም በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 159ኛ አንቀጽ ነቢዩ ባልደረቦቻቸውን ይቅር እንዲሉና በነገሩ እንዲያማክሯቸው የታዘዙት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ምክሩ ጎድቶ እንኳ ምክክሩ አልተሻረም።

በሌላ በኩል በ6ኛው ዓመት በሁደይቢያ ሶሐባዎች በውሉ ቅር ተሰኝተው ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ውሉን ተፈራርመዋል። መሪ ሕዝቡን መስማት የለበትም የሚሉ ሰዎች ይህን ሊጠቅሱ ይችላሉ። ነገር ግን ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ በዚያ ቦታ የሕዝቡ ስሜት የታለፈው ሰላምን ለማውረድ ነው፤ ጦርነትን ለማስቀጠል አልነበረም። ያውም በአላህ መሪነት ነው፤ ከእርሳቸው በኋላ ደግሞ ወሕይ የሚወርድለት መሪ የለም። ሁለተኛ፣ ዑመር (ረ.ዐ.) በግልጽ ሞግተው ጠይቀዋል፤ መልስም ተሰጥቷቸዋል፤ ከሃዲ ተብለው አልተወነጀሉም። የእመት ኡሙ ሰለማህም (ረ.ዐ.) ምክር በዚያው ቀን ተሰምቶ ችግር ፈቷል። ሦስተኛው ክርክር፣ ማለትም «ቅሬታ ባላንጣን ያበረታል» የሚለው፣ እዚህ ላይ ይወድቃል። ባላንጣን የሚያበረታው ቅሬታው መነገሩ አይደለም፤ ቅሬታው ታፍኖ ውስጥ ውስጡን መብላቱ ነው።

የሌላው ዓለም ልምድም ይህንኑ ያሳያል። ፈረንሳይ አልጄሪያን በጉልበት ለመያዝ ለዓመታት ተዋግታ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1961 ደጎል ሕዝባቸውን በድምፅ ጠየቁ፤ ከመቶ ሰባ አምስት ያህሉ የአልጄሪያ ሕዝብ ዕድሉን በራሱ ይወስን የሚለውን ደገፈ፤ በቀጣዩ ዓመት ጦርነቱ አበቃ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. የካቲት 15 ቀን 2003 በለንደንና በብዙ የዓለም ከተሞች እጅግ ብዙ ሕዝብ የኢራቅን ወረራ ተቃውሞ ወጣ። ቶኒ ብሌር አልሰሙም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የእንግሊዝ የምርመራ ሪፖርት ሰላማዊው አማራጭ ሳይሟጠጥ ወደ ጦርነት መገባቱን አረጋገጠ። አደባባይ የወጣው ሰው ያወቀውን መንግሥት በምርመራ ያወቀው ከ13 ዓመት በኋላ ነው።

ለቤተሰብ

እንግዲህ፣ ውድ አባቶችና እናቶች፣ «ይህ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» አትበሉ። ሹራ የሚጀመረው ከማዕድ ዙሪያ ነው። በቤቱ ሚስቱንና ልጆቹን የማያማክር አባወራ፣ መሪው ሕዝብን አያማክርም ብሎ ለማማረር አፉ አይሞላም። ልጆቻችሁ ሐሳባቸውን ሲናገሩ አድምጧቸው፤ ባትቀበሉት እንኳ ምክንያቱን ንገሯቸው። ነገ ከእነርሱ መካከል ወረዳ የሚያስተዳድር፣ ጦር የሚመራ ይወጣል።

ሌላው፣ የራሳችሁ ልጅ የማይሄድበትን ጦርነት በሰው ልጅ አታጨብጭቡ። አንድ ሰው «ይቀጥል!» ሲል ብትሰሙ፣ በጠብ ሳይሆን በለሰለሰ አንደበት «አንተስ ማንን ልከሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ከምዕራብ ጎጃም የመጣ ጎረቤት ካላችሁ፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ ስለ ቤተሰቡ ጠይቁት፤ ሲናገርም ሳታቋርጡ ስሙት። ሽማግሌ የሆናችሁ፣ የመስጊድ ኮሚቴ፣ የዕድር ዳኛ የሆናችሁ ደግሞ ከባለሥልጣንም ሆነ ከታጣቂ ጋር ለመነጋገር ዕድል ባገኛችሁ ጊዜ፣ እርሱ ሊሰማው የሚወደውን ሳይሆን እናቶች የነገሯችሁን አድርሱ። አቤቱታ በሽማግሌ እጅ ሳለ ከተሰማ ወደ ጥይት አይለወጥምና።

አላህ (ሱ.ወ.) ለመሪዎቻችን የሚሰማ ጆሮና የሚራራ ልብ ይስጥልን። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በመራዊና በመላው አገራችን ለወደቁት ቤተሰቦች ጽናቱን ይስጥልን። የተዘጋውን መንገድ ይክፈት፤ የተለያየውን ቤተሰብ ያገናኝ። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።